መብራት ሲመጣ መስኮቶቼ የት ገቡ?

በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች የተማከሩ ይመስል አብዛኞቹ ስለ ስክሪን ናቸው። አንዱ ሁለት አለው፣ ሌላው ሦስት፣ አንዳንዱ ገና ልግዛ አልግዛ እያለ ነው። ስለዚህ የሌሎቻችሁን ለሚቀጥለው አቆይቼ አምዱን በሙሉ ለዚሁ ሰጠሁት። አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። ፕሮግራም ስንከፍት የምትመጣውን ሳጥን ብዙዎቻችን "ዊንዶው" ነው የምንላት፣ ግን ከዊንዶውስ ጋር እየተምታታች አስቸገረችኝና እዚህ "መስኮት" እላታለሁ። "የዊንዶውስ ቁልፍ" ስል ደግሞ ኪቦርዱ ላይ ከታች በግራ በኩል ያለችውን፣ ባለ አራት ካሬዋን ማለቴ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? አካውንታንት ነኝ፣ ቢሯችን መገናኛ አካባቢ ነው። ላፕቶፕ አለኝ፣ ከጎኑ ደግሞ 24 ኢንች ሞኒተር ተሰጥቶኛል። ትልቁ ላይ ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ፕሮግራም፣ ላፕቶፑ ላይ ኤክሴልና የባንክ ስቴትመንት ከፍቼ ነው የምሠራው። ችግሩ መብራት ሲጠፋ ነው። ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፣ ሞኒተሩ ድርግም ይላል፣ መስኮቱ ሁሉ ላፕቶፑ ላይ ይከመራል። መብራት ሲመጣ ደግሞ ወደ ቦታቸው አይመለሱም። በቀን ሦስቴ ከሄደ ሦስቴ እንደ አዲስ መደርደር ነው። ባለፈው ጭራሽ አንድ ኤክሴል ጠፋብኝ። ከታች ታስክባሩ ላይ አለ፣ ስጫነው ግን የትም አይታይም። ዊንዶውስ 11 ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ያንቺ ችግር ሁለት ነው። ሁለቱም ከመብራት ጋር ስለሚመጡ አንድ መሰሉሽ እንጂ ምክንያታቸው ይለያያል።

መጀመሪያ መከመሩን እንይ። ሞኒተር ሲጠፋ ዊንዶውስ እዚያ የነበሩትን መስኮቶች ማንም በማያያቸው ቦታ ጥሏቸው አይሄድም፣ ሰብስቦ ወደ ቀረው ስክሪን ያመጣቸዋል። ደግ ሥራ ነው። ክፋቱ መመለሱ ላይ ነው። ዊንዶውስ 11 ግን ቦታቸውን ማስታወስ ይችላል። ሴቲንግ ግቢ፣ ሲስተም፣ ከዚያ ዲስፕሌይ፣ ወደ ታች ስትወርጂ "መልቲፕል ዲስፕሌይስ" የሚል ታገኛለሽ። እሱን ስትከፍቺው "ሪሜምበር ዊንዶው ሎኬሽንስ ቤዝድ ኦን ሞኒተር ኮኔክሽን" የሚለው ላይ ምልክቱ ይኑር። ከእሱ ጋር ያለውንም፣ "ሚኒማይዝ ዊንዶውስ ዌን ኤ ሞኒተር ኢዝ ዲስኮኔክትድ" የሚለውን አብሪው። ያኔ መብራት ሲሄድ የትልቁ ስክሪን መስኮቶች ላፕቶፑ ላይ ከመጋፋት ይልቅ ዝቅ ብለው ይጠብቁሻል። እንደ ፒችትሪ ያሉ የቆዩ ፕሮግራሞች አልፎ አልፎ ያምጻሉ፣ እሱን ቻይው።

ሁለተኛው፣ የጠፋው ኤክሴል ነው። ሞኒተርሽ የተገናኘው በኤችዲኤምአይ ከሆነ መብራት ጠፍቶም እንኳ ላፕቶፑ "ሞኒተሩ አለ" ብሎ ሊያምን ይችላል። ለምን ብትዪ፣ ኬብሉ ከላፕቶፑ 5 ቮልት ይዞ ይሄዳል። ሞኒተሩ ውስጥ ስሙንና መጠኑን የምትናገር አንዲት ቺፕ አለች፣ እሷ በዚያች 5 ቮልት ብቻ ነቅታ ትመልሳለች። ስክሪኑ ድፍን ጨለማ ነው፣ ቺፗ ግን "አለሁ" ትላለች። ያንቺ ኤክሴል የትም አልሄደም ማለት ነው። ጨለማው ስክሪን ላይ ተቀምጦ ነበር።

እንዲህ ሲሆን የዊንዶውስ ቁልፍን ይዘሽ ፒን ተጫኚና "ፒሲ ስክሪን ኦንሊ"ን ምረጪ። ሁሉም ወደ ላፕቶፑ ይመጣል። መብራት ሲመጣ እንደገና ፒ፣ ከዚያ "ኤክስቴንድ"። አንድ መስኮት ብቻ ከሆነ የጠፋው፣ በአልትና በታብ ምረጪውና የዊንዶውስ ቁልፍንና ሺፍትን አንድ ላይ ይዘሽ የግራ ወይም የቀኝ ቀስት ተጫኚ። መስኮቱ ከስክሪን ወደ ስክሪን ይዘላል። ከዚህ አምድ ሌላ ምንም ሳትይዢ ይቺን ብቻ ብትይዢ አልቀየምሽም።

እሷም እምቢ ካለች የድሮዋ ዘዴ አለች። መስኮቱን ከመረጥሽ በኋላ አልትና ስፔስ፣ ከዚያ ኤም፣ ከዚያ የፈለግሽውን ቀስት አንዴ። አሁን ማውሱን ስታንቀሳቅሺ መስኮቱ ከጫፉ ጋር ተጣብቆ ይመጣል፣ የምትፈልጊው ቦታ ሲደርስ ክሊክ አድርገሽ ልቀቂው። ኤም ደብዝዛ ከሆነ መስኮቱ ስክሪኑን ሞልቶ ስለተከፈተ ነው፣ መጀመሪያ አር በያት።

እና ደግሞ አለቃሽን ትንሽ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየውን ሳጥን፣ ጠይቂ። 24 ኢንች ኤልኢዲ ሞኒተር ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ዋት ቢፈልግ ነው፣ የድሮው 60 ዋት አምፖል ግማሽ ማለት ነው። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ተሸክሞ ወዲያው የሚጮኸው ዩፒኤስ ለሞኒተር ብቻ ሲሆን ጥሩ አድርጎ ይቆያል።

ጥያቄ፦ ሰላም ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ። የትራክ ዲስፓቸር ነኝ፣ ለሾፌሮች ጭነት የማገናኝ፣ ከቤት ነው የምሠራው። ሦስት ሞኒተር አለኝ። ሎድ ቦርዱ (ጭነት የሚፈለግበት ገጽ)፣ ካርታው፣ ኢሜይሉ፣ ሬት ኮንፈርሜሽኑ (የዋጋ ማረጋገጫው)፣ የሾፌሮቹ ቴክስት፣ ሁሉም ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። አሁንም አልበቃኝም፣ አራተኛ ልጨምር እያልኩ ነው። ማታ ማታ ደግሞ አንገቴን ያመኛል። እስቲ ምን ትላለህ?

መልስ፦ አራተኛ አትጨምር ወንድሜ። አንገትህ ሦስቱንም አልቻላቸውም።

እኔም በዚህ መንገድ አልፌያለሁ። ሦስተኛዋን ስክሪን የገዛኋት "ለሥራ" ብዬ ነበር፣ በሁለተኛው ሳምንት ቴሌግራም ተከራያት። ከዚያ በኋላ ምን ዓይነት ሥራ እንደሠራሁ አትጠይቀኝ። ሸጥኳት።

እስቲ ነገ ለአንድ ሰዓት ራስህን ታዘብ። ዓይንህ የሚውለው የት ነው? የምትጽፍበት፣ ቁጥር የምታስገባበት፣ ጭነት የምትይዝበት መስኮት የቱ ነው? እሱ ያለበት ስክሪን አፍንጫህ ፊት ለፊት መሆን አለበት፣ ላይኛው ጠርዙ ደግሞ ከዓይንህ ትይዩ ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ። ብዙ ሰው ሦስት ሞኒተር ሲኖረው ዋናውን ሥራ በግራ ያደርግና ቀኑን ሙሉ ጎረቤቱን እንደሚሰልል ሰው ተጣሞ ይቀመጣል። የጎኖቹ አልፎ አልፎ ገልመጥ የሚባሉ ናቸው። ካርታው ለምሳሌ። ካርታ ላይ አይጻፍም፣ ይታያል። ቴክስቱም ያው ነው።

አሁን አንድ ላይ መታየት ያለባቸውን አስብ። ሬት ኮንፈርሜሽኑን ከኢሜይሉ ጋር እያስተያየህ የምትሠራ ከሆነ ሁለቱን በሁለት ሞኒተር ከመለያየት መሐለኛው ስክሪን ላይ ጎን ለጎን ብታደርጋቸው ይሻላል። ዊንዶውስ 11 ላይ የዊንዶውስ ቁልፍና ዜድ ስትጫን የክፍፍል ሥዕሎች ይመጡልሃል፣ ግማሽ በግማሽ፣ ሁለት ሦስተኛና አንድ ሦስተኛ፣ አራት ቦታ። ሞኒተርህ ሰፊ ከሆነና የራስህን ክፍፍል መሥራት ከፈለግህ ፓወርቶይስ የሚባል አለ፣ የማይክሮሶፍት የራሱ ነው፣ በነጻ ነው። ውስጡ ያለው ፋንሲዞንስ ስክሪንህን እንደ ቦታ ካርታ ይሸነሽንልሃል፣ ሺፍት ይዘህ መስኮቱን ስትጎትት ወደ ይዞታው ይገባል።

አሁን "አልበቃኝም" ወዳልከው ልምጣ። ያነሰህ ስክሪን አይመስለኝም፣ ጭነት ፍለጋውና የወረቀት ሥራው አንድ ጠረጴዛ ላይ ተደባልቀውብህ ነው። የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ኮንትሮልና ዲ ስትጫን አዲስ ባዶ ዴስክቶፕ ይከፈትልሃል። በዊንዶውስ ቁልፍ፣ በኮንትሮልና በቀስት ከአንዱ ወደ ሌላው ትሄዳለህ። አንዱን ለጭነት፣ አንዱን ለኢንቮይስና ለወረቀት አድርገው። አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው ያስደነግጣል፦ ዊንዶውስ ላይ ዴስክቶፕ ስትቀይር ሦስቱም ሞኒተሮች አብረው ይቀየራሉ፣ አንዱን ለብቻው መቀየር የለም። ስለዚህ የሾፌሮቹ ቴክስት ከዓይንህ እንዳይጠፋ የዊንዶውስ ቁልፍና ታብ ተጫን፣ የቴክስቱን መስኮት ራይት ክሊክ አድርግና "ሾው ዚስ ዊንዶው ኦን ኦል ዴስክቶፕስ" በለው። ከዚያ በኋላ የትም ብትሄድ ይከተልሃል። መንገድ ላይ ጎማ የፈነዳበት ሾፌር አንተ ኢንቮይስ ስለምትጽፍ አይጠብቅም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በቤተ ክርስቲያናችን የመዝሙር ግጥም በፕሮጀክተር የማሳየው እኔ ነኝ። ዕድሜዬ 61 ነው፣ ኮምፒውተር በስተርጅና ነው የተማርኩት። ባለፈው እሑድ መዝሙሩ መሐል የልጄ መልእክት "አባዬ ስትመለስ ዳቦ ይዘህ ና" እያለ ግድግዳው ላይ ወጣ። ጉባኤው ሳቀ፣ እኔን ላብ አጠመቀኝ። ሁለተኛ እንዳይደገም ምን ላድርግ?

መልስ፦ አባቴ፣ ዳቦውን ግን ይዘው ገቡ?

የሆነው ይኼ ነው። ፕሮጀክተርም ለኮምፒውተሩ ሁለተኛ ስክሪን ነው። እርስዎ "ዱፕሊኬት" በሚባለው አገናኝተውታል፣ እሱ ደግሞ ላፕቶፑ ላይ ያለውን አንድም ሳያስቀር ወደ ግድግዳው ይገለብጣል። የሚያስፈልግዎት "ኤክስቴንድ" ነው። ያኔ ግድግዳው የላፕቶፑ ግልባጭ መሆኑ ይቀርና ከጎኑ እንደተጨመረ ሌላ ክፍል ይሆናል፣ እርስዎ የወሰዱለትን ብቻ ያሳያል። የዊንዶውስ ቁልፍን ይዘው ፒን ይጫኑ፣ ኤክስቴንድን ይምረጡ። ከዚያ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ ይግቡና "አይደንቲፋይ" የሚለውን ሲነኩ በየስክሪኑ ላይ ትልቅ ቁጥር ይወጣል። የላፕቶፑን ቁጥር ይምረጡና ዝቅ ብሎ "ሜክ ዚስ ማይ ሜን ዲስፕሌይ" የሚለው ላይ ምልክት ያድርጉ። መልእክት ብቅ የሚለው ዋናው ስክሪን ላይ ስለሆነ ይቺን እንዳይዘልሉ።

ግጥሙን በፓወርፖይንት ከሆነ የሚያሳዩት "ስላይድ ሾው" የሚለው ውስጥ ሞኒተር የሚል አለ፣ እዚያ ፕሮጀክተሩን ይምረጡ፣ "ዩዝ ፕሬዘንተር ቪው"ንም ያብሩ። ሕዝቡ የአሁኑን ስንኝ ሲያይ እርስዎ ላፕቶፕዎ ላይ የሚቀጥለውን ያያሉ። ዘማሪው አዝማቹን መልሶ ሲጀምርብዎት ይህ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ እርስዎ ይነግሩኛል። ቤትዎ ሆነው ፕሮጀክተር ሳይኖር ለመለማመድ አልትና ኤፍ5 ይጫኑ። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ኤፍኤን የምትባለውንም አብሮ መያዝ ያስፈልጋል።

ማውስዎ በድንገት ከጠፋብዎት አይደንግጡ፣ ግድግዳው ላይ ነው ያለው። ወደ መጣበት አቅጣጫ ይግፉት።

እንዲያም ሆኖ እሑድ ጠዋት ቴሌግራሙን ጨርሶ ይዝጉት። ዊንዶውስ 11 ከሆነ የዊንዶውስ ቁልፍና ኤን ሲጫኑ በሚመጣው ላይ የደወል ምልክት አለች፣ እሷን ሲነኩ ማሳወቂያው ዝም ይላል።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነኝ፣ ተማሪ። ላፕቶፔ ያለው አንድ ኤችዲኤምአይ ብቻ ነው፣ ሁለት ሞኒተር መሰካት ፈለግኩ። ሻጩ "አንዱን ሁለት ያደርግልሃል" ብሎ ስፕሊተር ሸጠልኝ። ሁለቱ ሞኒተሮች ግን አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚያሳዩት። ሴቲንጉ የቱ ጋ ነው?

መልስ፦ ሴቲንግ የለውም። ሻጩም እኮ አልዋሸም፣ አንዱን ሁለት አድርጎታል! ስፕሊተር አንድ ምስል ተቀብሎ ኮፒ የሚያደርግ ዕቃ ነው። ሱቅ ውስጥ አንድ ማስታወቂያ አሥር ቴሌቪዥን ላይ ለማሳየት ይሆናል፣ ለአንተ ግን አይሆንም። ከቻልክ መልስለት።

ላፕቶፕህን አገላብጠህ እይ። ቪጂኤ አለው? ሰማያዊዋ፣ ባለ 15 ቀዳዳዋ። ካለ አንዱን ሞኒተር በእሷ፣ አንዱን በኤችዲኤምአይ ሞክር። አንዳንድ የቆየ ላፕቶፕ በአንዴ ሁለት ስክሪን ብቻ ስለሚችል የራሱን ስክሪን ሊያጠፋብህ ይችላል። ዩኤስቢ-ሲ ካለው ደግሞ ከጎኗ ያለውን ምልክት ተመልከት። የመብረቅ ምልክት፣ ወይም ዲና ፒ የተቆላለፉበት የዲስፕሌይፖርት ምልክት ካለ ብዙውን ጊዜ ምስል ታወጣለች። ምልክት ከሌለ ሞዴሉን ፈልገህ አጣራ፣ ሁሉም ዩኤስቢ-ሲ ምስል አያወጣም። የመጨረሻው አማራጭ ዲስፕሌይሊንክ ያለበት የዩኤስቢ ማገናኛ ነው፣ ድራይቨር ይጫንለታል። ለጽሑፍና ለብራውዘር ደህና ነው፣ ጌም ግን አትሞክርበት።

ጥያቄ፦ ሻሎም ከኔታንያ። ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ፣ ማክቡክ ኤር ኤም1 ነው የምጠቀመው። ባለ ሁለት ኤችዲኤምአይ ሃብ ገዝቼ ሁለቱ ሞኒተሮች አንድ ዓይነት ሆኑብኝ። አንዱን ብቻ ስሰካ ደግሞ ዶኩ (ከታች ያለው የፕሮግራሞች መደርደሪያ) ሳልነካው ከስክሪን ስክሪን ይዞራል። ላብድ ነው!

መልስ፦ አንቺ ደግሞ ከሐዋሳው ልጅ ጋር አንድ ዕድር ናችሁ፣ የተያዛችሁበት ወጥመድ ግን ይለያያል። በ2020 የወጣው ማክቡክ ኤር ኤም1 ከራሱ ስክሪን ሌላ የሚችለው አንድ ሞኒተር ብቻ ነው። ሃቡ ሁለት ቀዳዳ ቢኖረውም ከማኩ የሚወጣው ምስል አንድ ነው። ያንቺም መውጫ ለልጁ የነገርኩት ዲስፕሌይሊንክ ነው። ማኩን መቀየሪያሽ ከደረሰ የ2024ቱ ኤም3 ኤር ክዳኑ ሲዘጋ ሁለት ይችላል፣ የ2025ቱ ኤም4 ኤር ደግሞ ክዳኑ ተከፍቶም ሁለት።

ዶኩ የሚዞረው አንቺው ስለምትጠሪው ነው። ማውሱን ወደ ሌላኛው ስክሪን ታችኛ ጠርዝ ወስደሽ ስትገፊ "ወዲህ ና" ማለት ነው። ዶኩን በግራ ወይም በቀኝ ጠርዝ አድርጊው፣ አደብ ይገዛል። አንድ ልጨምርልሽ። ሲስተም ሴቲንግስ፣ ዴስክቶፕ ኤንድ ዶክ፣ ሚሽን ኮንትሮል ውስጥ "ዲስፕሌይስ ሃቭ ሴፐሬት ስፔስስ" የሚል አለ። ከ2013 ጀምሮ የነበረ ነው። ሲበራ እያንዳንዱ ስክሪን የራሱ ዴስክቶፖች አሉት፣ ፎቶሾፕን አንዱ ላይ ስትቀይሪ ሌላኛው ዝም ብሎ ይቀመጣል። በዚህ ማክ ከዊንዶውስ ይሻላል ብዬ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ሲጠፋ ደግሞ አንድ መስኮት ሁለቱ ስክሪን ላይ ተዘርግቶ መቀመጥ ይችላል፣ ግን አንዱ ላይ ሙሉ ስክሪን ስታደርጊ ሌላኛው ይጨልማል። ስትቀይሪው ሎግ አውት አድርገሽ መግባት አለብሽ።

ጥያቄ፦ ኡቡንቱ ላይ ወርክስፔስ (ዊንዶውስ ዴስክቶፕ የሚለውን) ስቀይር የላፕቶፑ ብቻ ይቀየራል፣ ሁለተኛው ሞኒተር ንቅንቅ አይልም። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም፣ ሲፈጠር እንዲህ ነው። ሴቲንግስ ውስጥ መልቲታስኪንግ የሚለው ጋ ወርክስፔስ ዋናው ስክሪን ላይ ብቻ ይሁን ወይስ ሁሉም ላይ የሚል ምርጫ አለ። እኔ ግን እንዳለ ተወው እላለሁ። ማየት ብቻ የምትፈልገውን በማይነቃነቀው ላይ ታስቀምጥና ሥራህን በሌላው ትቀያይራለህ። ለዲስፓቸሩ በስንት ዙር ያስረዳሁት ነገር ለአንተ ገና ስትጭነው ተሠርቶ መጥቶልሃል።

ጥያቄ፦ ማውሱ ከአንዱ ስክሪን ወደ ሌላው ሲያልፍ መሐል ላይ ግድግዳ ይገጫል። ከላይ በኩል ያልፋል፣ ከታች በኩል እምቢ ይላል።

መልስ፦ ዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ስክሪኖቹ እንደ ሁለት ሳጥን ተስለዋል። ኮምፒውተሩ ጠረጴዛህን አያየውም፣ የሚያውቀው ያንን ሥዕል ብቻ ነው። ሳጥኖቹን እየጎተትክ ጠረጴዛህ ላይ ባሉበት አኳኋን አስተካክላቸው፣ ከፍታቸውንም ጭምር። አንዱ 4ኬ ሌላው ተራ ከሆነ ሳጥኖቹ እኩል ስለማይሆኑ የሆነ ቦታ ላይ ሊገጭ ይችላል፣ ቢያንስ ብዙ የማታልፍበት ጠርዝ ላይ አድርገው።

ጥያቄ፦ ከአዳማ። ስላሽ፣ ማለትም ያገለገለ፣ ሞኒተር ልገዛ ነው። ሁለተኛ ስክሪን ግን በእርግጥ ይጠቅማል ወይስ ፋሽን ነው?

መልስ፦ እንደ ሥራህ ነው። አንዱን እያየህ ሌላው ላይ የምትጽፍ ከሆነ፣ ማለትም ተርጓሚ፣ አካውንታንት፣ ኮድ ጸሐፊ፣ ኤዲተር ከሆንክ፣ ከገዛህ በኋላ ወደ አንድ ስክሪን መመለስ ይከብድሃል። አንድ ነገር ላይ ብቻ ተደፍተህ የምትውል ከሆነ ግን ገንዘብህን ያዝ። ከመግዛትህ በፊት ለዲስፓቸሩ የነገርኩትን ባዶ ዴስክቶፕ ለአንድ ሳምንት ሞክር፣ ገንዘብ አያስወጣህም። በሳምንቱ መጨረሻ ወዲያና ወዲህ መቀያየሩ እጅህን ካሰለቸው ያኔ ግዛ።

ስትሄድ ላፕቶፕህንና ኬብልህን ይዘህ ሂድ። ስክሪኑን አንዴ ድፍን ነጭ፣ አንዴ ድፍን ጥቁር አድርገህ ከቅርብ እየው፣ የሞተች ነጥብ ወይም ከጠርዝ የሚያፈስ ብርሃን ካለ ያን ጊዜ ይታያል። ቁልፎቹን ሁሉ ተጫን፣ ቢያንስ ሩብ ሰዓት በርቶ ይቆይ። ሻጩ "አሁን መብራት የለም፣ ግን ይሠራል፣ እመነኝ" ካለህ ሌላ ቀን ተመለስ።